አባቴን ስትሮክ ደገማቸው፤ ከነርሶቹ ምን ልጠይቅ?

«ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሐዋሳ ነው። አባቴ 66 ዓመታቸው ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሮክ መቷቸው ቀኝ እጅና እግራቸው ደክሞ ነበር፤ ቀስ በቀስ አገግመው ከዘራቸውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ይመለሱ ነበር። ‹ደህና ነኝ› ብለው የግፊት መድኃኒታቸውን ካቆሙ ወራት አልፈው አሁን ደግሞ በግራ በኩል መታቸውና ሆስፒታል ተኝተዋል። ሐኪሞቹ የከፋውን ጊዜ አልፈዋል ይላሉ። ፊዚዮቴራፒስቱ በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ደቂቃ ያያቸዋል። ነርሶቹ መድኃኒት ይሰጣሉ፣ ግፊት ይለካሉ፤ ስለ እንቅስቃሴ ስጠይቃቸው ግን ‹እሱ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው› አሉኝ። አክስቴ ‹አትነካኩት፣ ይረፍበት› ትላለች። ወንድሜ ወጌሻ አምጥተን እናሳሻቸው፣ ከዚያም ጠበል እንውሰዳቸው ባይ ነው። ውኃ ሲጠጡ ትን ይላቸዋል፤ ጠያቂ ሲመጣም ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። ቀንም ሌሊትም አስታማሚያቸው እኔ ነኝ። ከነርሶቹ ምን መጠየቅ እችላለሁ? ልጃቸው ነኝ፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ።»

ውድ እኅቴ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር አባትሽን ይማርልሽ። ከደብዳቤሽ ውስጥ ያሳሰበኝ «እሱ የፊዚዮቴራፒ ሥራ ነው» የሚለው መልስ ስለሆነ ከዚያው ልጀምር። መልሱ በከፊል ትክክል ነው፤ የትኛው ጡንቻ ምን ያህል እንደደከመ መዝኖ የእንቅስቃሴውን ዓይነትና መጠን የሚያዘው ፊዚዮቴራፒስቱ ነው። ነገር ግን እሱ በሳምንት ሁለት ቀን ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከመጣ፣ የቀረው ጊዜ ሁሉ በነርሶቹና በአንቺ እጅ ነው ማለት ነው። አባትሽ በአልጋው ላይ እንዴት እንደሚተኙ፣ በየስንት ሰዓቱ እንደሚገለበጡ፣ ሲመገቡ እንዴት እንደሚቀመጡ፣ ሽንታቸውን የትና እንዴት እንደሚሸኑ፣ ከአልጋ ወደ ወንበር ሲሻገሩ ማን በየት በኩል እንደሚይዛቸው፣ እነዚህ ሁሉ የነርሲንግ ሥራዎች ናቸው፤ የአካል ተሐድሶውም አብዛኛው ክፍል ያለው በእነዚህ ውስጥ ነው። የተጎዳ አንጎል የጠፋበትን እንቅስቃሴ መልሶ የሚማረው በመደጋገም ስለሆነ፣ በቀን ውስጥ ለምግብና ለመጸዳዳት ደጋግሞ በአግባቡ ተደግፎ የተቀመጠ ሰው ያን ያህል ጊዜ ልምምድ ሠርቷል። እንግዲህ ከነርሶቹ የምትጠይቂው፣ በየቀኑ የሚሠሩትን ሥራ አባትሽን በሚያጠነክር መንገድ እንዲሠሩትና እግረ መንገዳቸውን ለአንቺም እንዲያሳዩሽ ነው።

ስትሮክ ሲደገም ከመጀመሪያው የሚለይበት ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። የመጀመሪያው ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ያደከመው የአንጎላቸውን ግራ ክፍል ጎድቶ ነው፤ የአሁኑ ደግሞ ቀኙን ክፍል ነክቷል። ባለፉት ሁለት ዓመታት አባትሽ ቆመው የሄዱት ቀኝ እግራቸው ሙሉ በሙሉ ስለዳነ ሳይሆን ግራ ጎናቸው የቀኙን ድርሻ ጭምር ስለተሸከመ ሊሆን ይችላል፤ ከዘራውንም ይይዙ የነበረው በግራ እጃቸው እንደሆነ እገምታለሁ። አሁን የተመታው ያ መደገፊያ የነበረው ጎን ነው። ስለዚህ ካርዳቸው ላይ «የግራ ጎን ድካም» የሚለውን ብቻ አንብቦ፣ ቀኙ ጤነኛ ነው በሚል ግምት ክብደታቸውን ቀኝ እግራቸው ላይ እንዲጥሉ የሚያደርግ ሰው አብሯቸው ሊወድቅ ይችላል። አንድ ጎኑ ብቻ የደከመ ታማሚ ወደ ወንበር ሲሻገር ወንበሩ በጠንካራው ጎኑ በኩል ይቀመጥለታል፤ ብዙ ጊዜም አንድ የሚያውቅ ሰው ይበቃዋል። ሁለቱም ጎኖቹ የተነኩበት ታማሚ ግን ነርሷ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ በዓይናቸው አይተው «አንድ ሰው ይበቃል» እስኪሉ ድረስ በሁለት ሰው ቢያዝ ይሻላል። ለብቻሽ ልታነሺያቸው አትሞክሪ፤ ወገብሽም ያንቺ ነው።

በመሆኑም ዛሬውኑ አንድ ወረቀት አውጥተሽ አባትሽ ከዚህኛው ስትሮክ በፊት የነበሩበትን ሁኔታ ጻፊ። ራሳቸው ይለብሱ ነበር ወይ? በየትኛው እጃቸው ይጎርሱ ነበር? ከዘራቸውንስ በየትኛው ይይዙ ነበር? መጸዳጃ ቤት ብቻቸውን ይሄዱ ነበር ወይ? ንግግራቸው ይጠራ ነበር ወይስ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይንተባተቡ ነበር? ይህን ወረቀት ለተረኛዋ ነርስ ሰጥተሽ ከካርዳቸው ጋር እንዲያያዝ ጠይቂ። የድሮውን ድካም ከአዲሱ መለየት የሚቻለው በዚህ ዓይነት መረጃ ነው፤ ይህን መረጃ ደግሞ ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለተሐድሶው የሚቀመጠውም ግብ ከዚሁ ይነሣል፤ ከሁለት ዓመት በፊት ወደነበረው ጤናቸው እንዲመለሱ ከመመኘት ይልቅ ከዚህኛው ስትሮክ በፊት ወደነበሩበት እንዲቀርቡ ማቀድ የሚያስኬድ ነው።

የቀኝ አንጎል ጉዳት ሌላም ጣጣ አለው። አንዳንዱ ታማሚ ግራ ጎኑን ፈጽሞ ይረሳል፤ ከሳህኑ ግራ በኩል ያለውን ምግብ ሳይነካ ይተወዋል፣ በግራው የቆመን ሰው ያላየ ይመስላል፣ ግራ እጁ ከሥሩ ተጣጥፎ ሲተኛ አይታወቀውም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ እግሩ መድከሙን ራሱ ስለማይገነዘብ ማንም ሳያየው ብድግ ሊል ይሞክራል። ይህን የመሰለ ነገር አይተሽ ከሆነ ለነርሷ ንገሪያት፤ አልጋው ዝቅ ተደርጎ የጎኑ ብረት ከፍ እንዲልና ሌሊት ብቻቸውን እንዳይቀሩ ይደረጋል። አንቺም መጀመሪያ በሚያዩሽ በኩል ሆነሽ ካናገርሻቸው በኋላ ቀስ እያልሽ ወደ ግራቸው ዙሪ፣ ግራ እጃቸውን እየዳሰስሽ ስሙን ጥሪላቸው።

ሆኖም ዛሬ ከነርሶቹ የምትጠይቂው የመጀመሪያ ነገር ስለ እንቅስቃሴ እንዲሆን አልመክርም፤ ትንታው ይቀድማል። የመዋጫ ጡንቻዎች ትእዛዝ የሚቀበሉት ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ስለሆነ አንዱ ወገን ሲጎዳ ብዙ ጊዜ ሌላው ቀስ በቀስ ይተካዋል፤ ሁለቱም ሲነኩ ግን ተተኪ ይጠፋል። ለዚህ ነው የተደገመ ስትሮክ ብዙ ጊዜ ትን የሚያሰኘው። ወደ ሳንባ የሚወርደው ውኃና ምግብ የሳንባ ምች ያስከትላል፤ የሳንባ ምች ደግሞ የተኛ የስትሮክ ታማሚን ከሚገድሉ ነገሮች ዋነኛው ነው። ነርሷን «አባቴ ትን ይላቸዋል፣ አዋዋጣቸው ተፈትሿል ወይ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂያት። ፍተሻው ታማሚውን ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ በጥቂት በጥቂት ውኃ የሚደረግ ቀላል ምርመራ ነው፤ እስኪደረግ ድረስ ኪኒን ጨምሮ ምንም ነገር በአፋቸው አትስጪ። ካላለፉ ለጊዜው በአፍንጫ በሚገባ ቱቦ መመገብ ሊያስፈልጋቸው ይችላል፤ ቤተሰብ ይህን ሲያይ ይደነግጣል እንጂ ተስፋ መቁረጫ ምልክት አይደለም፣ ብዙዎች ከሳምንታት በኋላ ይወጣላቸዋል።

በአፍ እንዲመገቡ ሲፈቀድ ደግሞ የሚያስቸግረው ጠጣሩ ምግብ ብቻ እንዳይመስልሽ። ቀጭን ፈሳሽ፣ ማለትም ውኃ፣ ሻይና ቡና፣ በፍጥነት ስለሚወርድ ከወፍራም ነገር ይልቅ ትን ያሰኛል። ፍርፋሪ ያለበት ሾርባም ሁለት ዓይነት አዋዋጥ በአንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ ከባድ ነው። ወፈር ያለ አጥሚትና ለስለስ ተደርጎ የተገነፋ የቡላ ገንፎ ለዚህ የተፈጠሩ ይመስለኛል፤ ሐዋሳ ተቀምጦ ቡላ የሚቸግረው ሰው የለምና በዚህ እድለኛ ነሽ። ጨው ግን ቀንሺበት። ውፍረቱ ምን ያህል እንደሚሆን ነርሷ በማንኪያ ታሳይሽ። ሲመገቡ ቀጥ ብለው ይቀመጡ፣ አገጫቸውን ዝቅ ያድርጉ፣ ማንኪያው ትንሽ ይሁን፣ አንዱን ሳይውጡ ሌላው አይከተል። ከጉንጫቸው ሥር የቀረ ነገር እንዳለ ተመልከቺ፤ ከምግብ በኋላም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይተኙ ይቆዩ። ጥርሳቸውንና ምላሳቸውን ጠዋትና ማታ ማጽዳት ከንጽሕናም በላይ ነው፤ ከምራቅ ጋር ወደ ሳንባ የሚወርደውን ጀርም ይቀንሳል።

የወንድምሽን ሐሳብ በተመለከተ እምነታችሁን አልነካም። ነገር ግን ጠበል የሚጠጣ ውኃ ነው፤ ትን የሚለው ሰው በጣሳ ሲሰጠው ምን እንደሚሆን ከላይ ካልኩት ይገባሻል። አዋዋጣቸው እስኪስተካከል ድረስ ካህኑ እዚያው አልጋቸው አጠገብ መጥቶ ቢጸልይላቸውና ግንባራቸውን በጠበሉ ቢዳስሳቸው የሚከለክል ሐኪም ያለ አይመስለኝም። በወጌሻው ግን አልስማማም። ጡንቻው የደከመ ትከሻ አጥንቱን አቅፎ መያዝ ስለማይችል ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሕመም ታማሚው እጁን ማንም እንዳይነካበት ያደርገዋልና ተሐድሶው ይቆማል። ባትንም ማሸት አደጋ አለው፤ ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ባት ውስጥ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። ወንድምሽ መርዳት ከፈለገ፣ እንደሚፈልግም ከደብዳቤሽ ይታያል፣ ፊዚዮቴራፒስቱ በሚመጣባቸው ሁለት ቀናት ሰዓቱን ጠብቆ ይገኝና እያየ ይማር።

አክስትሽም በከፊል እውነት አላቸው። ስትሮክ በመታ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ታማሚን ደጋግሞና ለረጅም ጊዜ ከአልጋ ማስነሣት እንደማይጠቅም፣ እንዲያውም ውጤቱን እንደሚያከፋ አቨርት የተባለ ትልቅ ጥናት አሳይቷል፤ ጥናቱ በ5 አገሮች በሚገኙ 56 ሆስፒታሎች 2,104 ታማሚዎችን ያካተተ ሲሆን ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። እናንተ ግን ያንን ጊዜ አልፋችኋል። ሐኪሙ ከከለከለበት የተለየ ምክንያት በቀር ከእንግዲህ መተኛቱ ራሱ ይጎዳል፤ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ መገጣጠሚያ ይደርቃል፣ ደም ይረጋል፣ ቆዳ ይቆስላል። የሚሻለው አጭር አጭር ሆኖ በቀን ብዙ ጊዜ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀመጡ ነርሷ ከመነሣታቸው በፊትና ከተቀመጡ በኋላ ግፊታቸውን እንድትለካ ጠይቂያት፤ ብዙ የተኛ ሰው ድንገት ሲቀመጥ ግፊቱ ወርዶ ሊያዞረው ይችላል። መጀመሪያ በአልጋው ጫፍ ላይ እግራቸው መሬት ነክቶ ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎ በወንበር፣ ለጥቂት ደቂቃ ተጀምሮ እንደ አቅማቸው እየተጨመረ ይሄዳል። ከምግብ ሰዓት ጋር ካገናኛችሁት ሦስቱ ልምምድ ሳይታወቃችሁ ተሠራ ማለት ነው።

ስለ አተኛኘት ነርሷ አንድ ጊዜ በእጇ እየሠራች ብታሳይሽ የእኔ ጽሑፍ ከሚያስረዳሽ በላይ ይገባሻል፤ ሆኖም ምን እንደምትጠይቂ እንድታውቂ ያህል ጥቂት ልበል። በየሁለት ሰዓቱ መገልበጥ አለባቸው። ለየት ያለ ትራስ ከሌለ ጋቢ ተጠቅልሎ ከጀርባቸው ሲደረግ ወደ ጎን ዘንበል ብለው ይተኛሉ፤ ሌላው ከባታቸው ሥር ገብቶ ተረከዛቸውን ከፍራሹ ያነሣዋል። የደከመው ክንዳቸው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ከትከሻ እስከ ጣት በትራስ ይደገፍ። በገለበጥሻቸው ቁጥር ወገባቸውን፣ ዳሌያቸውን፣ ተረከዛቸውንና ቁርጭምጭሚታቸውን ተመልከቺ፤ ስትጫኚው የማይጠፋ ቅላት ወይም በጠቆረ ቆዳ ላይ ከአካባቢው የተለየ ጥቁረትና ሙቀት ካየሽ የመኝታ ቁስል መጀመሪያ ስለሆነ በዚያ ጎን አታስተኚያቸው፣ ለነርሷም አሳዪ። በብብት ገብቶ ማንሣትና በእጅ መጎተት ፈጽሞ መቅረት አለበት፤ ጠያቂ ዘመድ ሁሉ በፍቅር የሚያደርገው ይህንኑ ስለሆነ በትሕትና ከልክዪ።

የሽንት ቱቦ ተደርጎላቸው ከሆነ በየቀኑ ሐኪሞቹ ታማሚዎችን በሚዞሩበት ራውንድ ላይ «ዛሬም ያስፈልጋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ በቆየ ቁጥር ኢንፌክሽን ያመጣል፣ ታማሚውንም አልጋ ላይ ያስቀረዋል። ቱቦው ሲወጣ ዳይፐር ማድረግ ለአስታማሚ ቀላል መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን በየሁለት ሰዓቱ ጠይቆ በወንበር ላይ ማስቀመጥ የፊኛን ሥርዓት ይመልሳል፣ መነሣትና መቀመጥንም ያለማምዳል፣ የአባትሽንም ክብር ይጠብቃል። የተከበረ ሰው በልጁ ፊት ሲጋለጥ የሚሰማውን አስቢና ወንድ ዘመድ በዚያ ሰዓት እንዲገኝ አድርጊ።

ልቅሶአቸውን በተመለከተ፣ ሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ሲጎዱ እንባና ሣቅ ከመቆጣጠሪያቸው ሊወጡ ይችላሉ፤ ሰውየው ሳያዝን ያለቅሳል፣ እሱም ያፍርበታል። ጠያቂዎች አብረው ማልቀሳቸው ያብስባቸዋል እንጂ አያጽናናቸውም። ወሬ ቀይሩ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ ያልፋል። ነገር ግን ልቅሶው ከምግብ እንቢታና ከእንቅልፍ ማጣት ጋር ከመጣ ከስትሮክ በኋላ የሚመጣ ድብርት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ይነገር፤ መድኃኒት አለው።

አሁን ወደ አጠያየቁ ልመለስ። ተረኛ ነርሶች ብዙ ታማሚ ይዘው እንደሚሮጡ ራስሽ ታያለሽ፤ ስለዚህ መርፌ በሚሰጥበት ወይም ተረኛ በሚቀያየርበት ሰዓት የተጠየቀ ጥያቄ መልስ ቢያጣ አይግረምሽ። ረጋ ያለ ሰዓት መርጠሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ «ሲስተር፣ አባቴን ስትገለብጫቸው አብሬሽ ላግዝና አሳዪኝ» የሚል ጥያቄ እምቢ ተብሎ ሲመለስ እምብዛም አላየሁም። በቀጣዩ ቀን አንቺ እየሠራሽ እሷ ታርምሽ። የመገልበጫውን ሰዓት፣ የተቀመጡበትን ደቂቃ፣ የበሉትንና ትን ያላቸውን ጊዜ በደብተር ያዢ፤ ፊዚዮቴራፒስቱ ሲመጣም አሳዪው። እንዲህ ስል ግን ሥራው ሁሉ ወደ አንቺ ይዙር ማለቴ አይደለም። በህንድ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 የስትሮክ ታማሚዎችን ይዞ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ ቤተሰብ ሠልጥኖ ቤት ውስጥ ተሐድሶውን እንዲመራ ሲደረግ ከስድስት ወር በኋላ የታየው ውጤት ከተለመደው እንክብካቤ የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው ቤተሰብ የባለሙያ ረዳት እንጂ ምትክ እንዳልሆነ ነው። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቱ የሚመጣባቸው ቀናት እንዲጨመሩ፣ ካልተቻለም ለነርሶቹ የጽሑፍ ትእዛዝ እንዲተው የክፍሉን ኃላፊ ነርስ መጠየቅ መብትሽ ነው።

ስለ መድኃኒቱ ብዙ አልልም፤ ሁለተኛው እንዴት እንደመጣ ራስሽ ጽፈሽዋል። የግፊት መድኃኒት ሕመም ባይሰማም የሚወሰድ ነው። የሲቲ ስካን ውጤታቸው የደም መርጋት ይሁን የደም መፍሰስ ጠይቀሽ እወቂ፤ አስፕሪን ለደም መርጋቱ ሲታዘዝ በደም መፍሰሱ ግን ሊጎዳ ስለሚችል ከጎረቤት ምክር ተነሥታችሁ አትጀምሩ፣ አታቁሙም።

ከመውጣታቸው ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ስለ ቤቱ ተነጋገሩ። የግቢው መጸዳጃ ቁጢጥ የሚባልበት ከሆነ አይችሉም፤ አናጢ መቀመጫው የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ባለ እጀታ ቢሠራ ከሥሩ ባልዲ ይደረጋል። ባጃጅ ለእሳቸው አይሆንም፤ ወገባቸውን አጥፈው በጠባብ በር ሲገቡ ይወድቃሉና በሩ ሰፊ የሆነ መኪና ፈልጉ፣ ከወንበር ወደ መኪና መሻገሩንም ነርሷ ባለችበት አንድ ጊዜ ተለማመዱት። የክትትል ቀጠሮው፣ የፊዚዮቴራፒው ቀንና የመድኃኒቱ አወሳሰድ በጽሑፍ ይሰጥሽ።

እስከዚያው ግን በዎርዱ ውስጥ ሳለሽ የሚከተሉትን ካየሽ የነርሷን ረጋ ያለ ሰዓት አትጠብቂ፣ ወዲያው ጥሪያት፤ ትኩሳት ከፍጥነት አተነፋፈስ ጋር፣ ከምግብ በኋላ የተለወጠና እርጥበት ያለው ድምፅ፣ የአንድ እግር ባት ማበጥና መሞቅ፣ ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ አዲስ ድካም ወይም የፊት መጣመም፣ ከባድ ራስ ምታት፣ ወይም ትናንት ሲጠሯቸው ይነቁ የነበሩት አባትሽ ዛሬ ለመንቃት ሲያስቸግሩ።